ከረድፉ ማዶ ያለው ሰው

ባለፎሶሊያዋ ከቤቷ ጀርባ ምንም የማይበቅልባት ቁራጭ መሬት አለቻት። ስፋቷ የአንድ ሰው አልጋ ያህል ነው። ዙሪያዋን ሣሩ ጉልበት ድረስ ተንዠርግጓል፤ መካከሏ ግን መላጣ ነው። መሬቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ዝናብም አልነፈገውም። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ፣ አንድ ብልቃጥ ቃሪያ ከነኮምጣጤው ስለሚደፋባት ነው።

ደህና ቃሪያ ለምን መሬት ላይ ይደፋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ እሰየው። በዚያ ሸለቆ እንዲህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ነገሩ አራት ዓመት ባልዘለቀ።

ሸለቆው የወይን አገር ነው። ኮረብታው በግራም በቀኝም እስከ ጫፉ ወይን ለብሷል። ከታች፣ ጅረቱ አጠገብ፣ ለወይን የማይመቸውን እርጥብ መሬት አትክልተኞች ይዘውታል፤ ባለፎሶሊያዋ ከእነሱ አንዷ ናት። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ሼፍ ከከተማ መጣና አሮጌውን የወይን መጭመቂያ ቤት ምግብ ቤት አደረገው፤ ከማሳ በቀጥታ ወደ ገበታ የሚባለውን ዓይነት። የሸለቆው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ለመለሰን ሲለፋ ኖሯል። እነሱ የተለሰነውን በሠራተኛ አስፈቀፈቁት፤ ድንጋዩ ይታይ አሉ። የመጭመቂያውን ወፍራም ጣውላ አጋጥመው ሠላሳ ሰው የሚያስቀምጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ሠሩበት። እሑድ እሑድ መኪናው እስከ ድልድዩ ይሰለፋል። ሰው ሁለት ሰዓት ነድቶ ካሮት ሊበላ ይመጣል። ይምጣ፤ ካሮቱ መልካም ካሮት ነው። ግን ካሮቱ ብቻውን አይበቃቸውም። የነቀለው ሰው ታሪክም አብሮ በሳህን እንዲቀርብላቸው ይፈልጋሉ።

ስለዚህ በየሰው ፊት ካርድ ይቀመጣል። ቲማቲሙ የማን እንደሆነ፣ እንቁላሉ የማን እንደሆነ ካርዱ ይናገራል። ስለ ፎሶሊያው የተጻፈው ይህ ነበር፦

«ጅረቱ አጠገብ አንድ ባልና ሚስት አሉ። ጎህ ሲቀድ ከሐረጉ ወዲህና ወዲያ ፊት ለፊት ቆመው፣ እሱ ያላያትን እሷ፣ እሷ ያላየቻትን እሱ እየለቀሙ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል። አንዲት ጠንካራ ፎሶሊያ አታገኙም።»

ውሸት አይደለም። ሼፉ ሲጽፈው እውነት ነበር።

ፎሶሊያ መልቀም ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ሐረጉ ረጅም እንጨት ላይ ተጠምጥሞ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል፤ ፍሬው ቅጠሉን መስሎ ከቅጠሉ ሥር ይሸሸጋል። የእርሳስ ውፍረት ሲኖረው ካልተቀጠፈ በማግሥቱ ጅማት ያወጣል፤ በሦስተኛው ቀን የጫማ ክር ነው። በአንድ ወገን የቆመ ሰው ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ፣ እኩል እየተራመዱ።

ባልና ሚስቱ እንዲያ ነበር የሚለቅሙት። ልጅ አልወለዱም። ቤት ውስጥም ወሬኞች አልነበሩም፤ እራት ላይ «ጨው» «ይኸው» ከተባባሉ ብዙ ነው። ሐረጉ መካከላቸው ሲገባ ግን፣ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ ይሆናል፣ አፋቸው ይፈታል።

«ከክንድሽ በታች ያለችውን ተውሻት» ይላታል በቅጠሉ ውስጥ።

«አይቻታለሁ። ቅርጫትህ እንዳያፍር ብዬ ላንተ ተውኳት።»

«የኔማ ካንቺው ሞልቷል።»

«በቅጠል ነዋ!»

ሼፉ መጀመሪያ ማሳውን ሊያይ የመጣ ዕለት ይህንኑ ሰምቶ ደብተሩን አወጣ። ከመኪናውም በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያ በብልቃጥ አምጥቶ አስቀመሳቸው። ባልየው እንደቆመ ግማሹን ጨረሰው። እሷ አንዷን ነክሳ ፊቷን አጨማደደች፤ ኮምጣጤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሆዷን ይገለብጠዋል።

በዚያው ዓመት፣ ወይኑ ተለቅሞ እንዳለቀ፣ ባልየው ሄደ።

ጠብ አልነበረም። ቢኖር ይሻል ነበር። ሲባጎውን ጠቀለለ፣ መቀሱን በቦታው ሰቀለ፣ እጁን ታጠበና «እንግዲህ ልሂድ» አላት። ገበያ መስሏት «ክብሪት እንዳትረሳ» አለችው። ከኮረብታው ማዶ፣ ከበርሜል ሠሪው መበለት ቤት መግባቱን የሰማችው በሦስተኛው ቀን ነው። ክብሪቱን እስከ ዛሬ አላመጣም።

ሸለቆውስ? ሸለቆው ከእሷ በፊት ሰምቷል። በደጇ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከንፈሩን መጠጠ። ከንፈር መምጠጥ ጉልበት አይጠይቅማ! ከዚያ ሁሉ ከንፈር መጣጭ መካከል አንድ ጧት ቅርጫት ይዞ መጥቶ «ዛሬ እኔ ወዲያ ልቁም» ያለ አልተገኘም። ታናሽ እህቷ ብቻ አንድ ቀን ሞክራ ነበር። እሷም ልብስ ሰፊ ናትና እንጨቱን ከነሐረጉ ገንድሳው ማሳ እንዳትረግጥ በአዋጅ ተከለከለች።

የምግብ ቤቱ ሰዎች ከሸለቆው ሰው ጋር አይውሉም፤ ወሬው አልደረሳቸውም። በቀጣዩ ማክሰኞ ባለፎሶሊያዋ የመጨረሻውን ፎሶሊያ ይዛ በጓሮ በር ስትደርስ፣ ሼፉ ሳጥኖቹን እየቆጠረ፣ «እትዬ፣ ጋሼስ እንዴት ናቸው?» አላት።

«ደህና ነው» አለች። «ወገቡን ትንሽ አሞት…»

አፏ ነው ያለው። እሷ ገና አላሰበችበትም ነበር።

«ውይ ምስኪን! ቆይ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባና አንድ ብልቃጥ ቃሪያ ይዞ ተመለሰ። «ለጋሼ ይስጡልኝ፣ ይወዳሉ። ብልቃጡን ብቻ ይመልሱልን፣ እያለቀብን ነው።»

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ባዶው ብልቃጥ ካልተመለሰ ቃሪያው አልተበላም ማለት ነው፤ ቃሪያው ካልተበላ የሚበላው ሰው የለም። እሷ አትበላው። ለጎረቤት ብትሰጠው «ይህን ደግሞ ለማን ብለው ሰጡሽ?» ይመጣል። ውሻም ቃሪያ አይበላ። ከቤቷ ጀርባ ወሰደችና ደፋችው፤ ብልቃጡን በሙቅ ውኃ አጠበችና በማክሰኞው «እጅህ ይባረክ ብሏል» ብላ መለሰችው። ሼፉ ደስ ብሎት እንደገና ሞላላት።

አራት ዓመት! ፎሶሊያ ባለቀ ጊዜ ጎመን፣ ጎመን ባለቀ ጊዜ ቀይ ሽንኩርት፣ ማክሰኞ ግን ሳይቀር። የባልየው ወገብ ዳነ፤ ከዚያ ጉልበቱን ታመመ፤ ከዚያ ዘመድ ሊጠይቅ ሄደ፤ ከዚያ ጉንፋን ያዘው። አብሯት ከኖረበት ሃያ ስድስት ዓመት ይልቅ በእነዚህ በአራቱ ዓመታት ብዙ ታሟል። ብዙም አመስግኗል፤ ቤቱ ሳለ አንድም ቀን አመስግኖ አያውቅም።

ረድፎቿ አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ባልየው በለካው ስፋት፣ ከሁለቱም ወገን ሰው እንዲቆምባቸው ሆነው የተተከሉ። ብቻዋን ስትቀር በወዲህኛው ወገን ታች ድረስ ወርዳ፣ ዞራ በወዲያኛው ትመለሳለች። አሥራ አንዱ ሃያ ሁለት ሆነ። ወዲያኛው ወገን ስትደርስ በእሱ ቦታ እንደቆመች ታውቀዋለች፤ በቅጠሉ አሻግራ ስታይ የሚታያት የራሷ ባዶ ቦታ ነው። «ከክንድሽ በታች» የሚላት የለም።

ብቻውን የሚሠራ አትክልተኛ ሌላ ዘዴ አለው። ረድፉን ግድግዳ ያስጠጋል፣ እንጨቱን ወደ ራሱ ዘንበል ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ፍሬው ሁሉ በአንድ ወገን ይንጠለጠላል፣ አንድ ሰው ይበቃዋል። ይህን ታውቃለች፤ ፎሶሊያን እሷን የሚያስተምር በዚያ ሸለቆ የለም። በየዓመቱ ግን እንጨቱን ነቅላ መልሳ ስትተክል በእሱ ስፋት ነው የምትተክለው። ግትርነት ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

በዚህ ዓመት ፎሶሊያው በደረሰበት ሰሞን ሼፉ በጓሮ በር ጠበቃት።

«እትዬ፣ አምስት ዓመት ሞላን እኮ! እሑድ ምሳ እርስዎና ጋሼ የክብር እንግዶቼ ናችሁ። በፊት በር ነው የምትገቡት፤ በጓሮ እንዳላያችሁ!»

«እሱ እንኳን ወገቡ…»

«መኪና እልክላቸዋለሁ።»

«ኧረ አይሆንም! በእግራችን እንመጣለን» አለች። ካለችው በኋላ መመለሻው ጠፋባት።

ቅዳሜ እህቷ ዘንድ ልብስ ልትለካ ሄደች። እህቷ ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ነው የምትሰፋው። ስለ ብልቃጡ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ቀጥ በይ እታለም፣ መርፌው ይወጋሻል» አለች እህቷ፣ ሌላ መርፌ በጥርሷ ይዛ። «ባልሽንስ ምን ላልብሰው? ልኩን በምን ልውሰድ፣ በብልቃጡ?»

«ዝም ብለሽ ስፊ።»

«አራት ዓመት ዝም ብዬ ሰፋሁ። አሁን ይበቃል፤ ንገሪያቸው። ሰው አልገደልሽ፣ አልሰረቅሽ! የሄደው እሱ፣ የምታፍሪው አንቺ። እሱማ ዓይኑን በጨው አጥቦ ገበያ መሐል ከሴትየዋ ጋር ዱባ ሲመርጥ አየሁት።»

«ምን ዓይነት ዱባ?»

እህቷ መርፌውን ከአፏ አወጣች። «እታለም!»

«ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ።»

እህቷ መቀሱን አነሣች። መቀሱ ብቻ ጨርቁ ላይ ይሄዳል።

«ካርዱ ላይ አለ» አለች ባለፎሶሊያዋ በመጨረሻ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ። «በየእሑዱ ያነቡታል። ሠላሳ ሰው ይሰማዋል። እዚያ እስካለ ድረስ አንድ ቦታ ቆሟል ማለት ነው፣ ከማዶዬ። ከነገርኳቸው ይሰርዙታል። ከዚያ ወዲያ የት አለ?»

«ከዱባው ጋ!»

«አይ አንቺ…»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። እህቷ ተንበርክካ የቀሚሱን ጠርዝ ጨረሰች።

እሑድ ቀትር ላይ ባለፎሶሊያዋ በፊት በር ገባች። አምስት ዓመት አትክልት ስታስገባበት የኖረችውን ቤት ከፊት አይታው አታውቅም። ከጓሮ ሲታይ ቆሻሻ ማጠቢያና የድንች ከረጢት ነው። ከፊት ግን የወይን ሐረግ፣ የመዳብ ፋኖስ፣ ሆን ተብሎ ያልተቀባ በር። አስተናጋጇ አዲስ ልጅ ናት፤ አታውቃትም፤ እሷም የክብር እንግዳ ነኝ አላለቻት።

«ስንት ናችሁ፣ እናቴ?»

«ሁለት። አንዱ… ይደርሳል።»

ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ አካባቢ ሁለት ወንበር ተሰጣት። በአንዱ ተቀመጠች፣ በሌላው ላይ ነጠላ ሻርፗን አኖረች። ሌላው ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው። አንደኛው ያፈሳል፣ ሌላዋ ብርጭቆ ትዘረጋለች። ከፊት ለፊቷ ብቻ አንድ ሽማግሌ ካርዱን ዓይኑ ሥር ደቅኖ እያነበበ ነበር፤ በኋላ እንደነገራት ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ከአጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ባርኔጣው ተቀምጧል።

«ሰው ይጠብቃሉ?» አላት፣ ሻርፑን በአገጩ እያመለከተ።

«አዎ። እርስዎስ?»

«እኔም እንደዚያ ነው የምላቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብቻዬን ነኝ ካልኩ ከኩሽናው በር አጠገብ ይወትፉኛል። ባርኔጣዬ ከኔ የተሻለ ቦታ ነው የሚያገኘው።»

ልትስቅ ፈለገች፤ አልወጣላትም።

አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ መጥታ «ወንበሩን እናንሣው?» አለች። ሁለቴም «ተይው፣ ይደርሳል» አለቻት። ዳቦ መጣ። ወይን መጣ፤ ለሁለት ተቀዳ። ባዶው ወንበር ፊት ያለችው ብርጭቆ ሞልታ ቀረች፤ አንዲት ዝንብ ጠርዟ ላይ እየዞረች ትጎበኛታለች።

ከዚያ ፎሶሊያው መጣ። በወይን ጭራሮ እሳት ተለብልቦ፣ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ነክቶት፣ በሸክላ ሳህን። አስተናጋጇ መሐል ላይ ቆመች፣ እጆቿን አጣመረች፣ ጀመረች። «ጅረቱ አጠገብ አንድ ባልና ሚስት አሉ…» በቃሏ ይዛዋለች፣ እንደ ተማሪ ቤት ግጥም። ሠላሳ ሰው ሹካውን አስቀምጦ አዳመጠ። «እሱ ያላያትን እሷ፣ እሷ ያላየቻትን እሱ» ስትል አንዷ ወጣት ሴት «ውይይ!» ብላ በሹካዋ አንዲት ፎሶሊያ ለጓደኛዋ አጎረሰችው። ሌሎቹም ተጎራረሱ። ባለፎሶሊያዋ ሻርፗን አየች። ለአፍታ፣ እውነት ለአፍታ፣ ደስ ብሏት ነበር።

«አሃ» አለ መምህሩ።

ከአፉ አንዲት ግማሽ የታኘከች ፎሶሊያ ከነረጅም ጅማቷ በሁለት ጣቱ ሳበ፣ ሳበ፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አጋደማት። «ይህቺ አምልጣቸዋለች።»

አስተናጋጇ ደነገጠች። «ይቅርታ ጋሼ፣ እቀይርልዎታለሁ።»

«መቀየሩን ተዪው። ጥያቄ አለኝ።» ዕድሜውን ሙሉ የተማሪ ስህተት ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታም አላስተወውም። «አራት ዓይን ካየው እንዴት አመለጠ? አንድም ሰዎቹ ዓይናቸው ፈዟል፣ አንድም ይሄ የምትነግሪን ተረት ነው።»

ወደ እነሱ የሚዞረው ሰው በዛ። ልጅቷ ተቅበጠበጠች። ያልተጻፈላት ነገር ገጠማትና ከራሷ ፈጠረች። «ተረት አይደለም! ሰውየው እንኳን በጣም ጠንቃቃ ናቸው ይባላል… ሴትየዋ ናቸው ትንሽ፣ ያው ዓይናቸው ደክሟል። በእሳቸው በኩል ያለው አንዳንዴ…»

እንግዲህ ይህን ስሙልኝ! ጥሎ የሄደው ጠንቃቃ፣ ሃያ ሁለት ረድፍ የምትመላለሰው ዕውር! ልጅቷን መርገም ቀላል ነበር፤ ግን ልጅቷ ምን ታድርግ፣ የቀረው ሰው ሁሉ አራት ዓመት ያደረገውን፣ ሳይጠይቁ መገመትን፣ በአንድ ትንፋሽ አደረገችው እንጂ።

ባለፎሶሊያዋ እጇን ዘርግታ ያችን ፎሶሊያ ከመምህሩ ሳህን አነሣቻት። ለብርሃን ገለጠቻት። አወቀቻት። ከሰባተኛው ረድፍ ናት፣ ከወዲያኛው ወገን፣ ከታች፣ ጥላ ከማይለቀው። በወዲያኛው ወገን ስትመለስ ደክሟት ይሆናል፣ ወይም በቅጠሉ ውስጥ ወዲህ ማዶ እያየች ይሆናል። እሱ ቆሞ ቢሆን «ተውሻት» ይላት ነበር።

ተነሣች። አዲሱ ቀሚስ ከኋላ ወንበሩን ያዘው፤ ነጥቃ አስለቀቀችው።

«ዓይኔ ደህና ነው» አለች። «ጥፋቱ ግን የኔ ነው። በዚያኛው በኩል ሰው የለም። እኔ ነኝ ወዲህም፣ እኔ ነኝ ወዲያም።»

ወጣቷ ሴት የጎረሰችውን ለመዋጥ ፈራች። ልጅቷ ወደ ኩሽናው ሮጠች፤ ሼፉ እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ ለማቀፍ ተዘጋጅቶ መጣ። «እትዬ! ደረሱ? ጋሼስ?»

«የለም።»

ፊቱ ተለወጠ። «አረፉ?»

«አላረፈም። ሄደ።»

«መቼ?»

«ከመጣህ በመጀመሪያው ዓመት።»

ሼፉ ሲያሰላ ይታያል። ከዚያ፣ ሊጠይቅ የሚገባው መቶ ነገር እያለ፣ ከአፉ የወጣው ይህ ሆነ። «ታዲያ… ቃሪያውን ማን በላው?»

«ሣሩ።»

ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው ሳቀ፤ ብቻውን እንደሳቀ ሲገባው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለ ሼፉ። የተቀየመ ይመስላል። «በየሳምንቱ እኮ እጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቀኸኛል፤ ውሸት አይነገርም። ሳጥን እየቆጠርክ።»

ሼፉ ባዶው ወንበር ላይ፣ ከሻርፑ ላይ፣ ተቀመጠ። ከኩሽናው አንድ ድምፅ «ሼፍ፣ ሥጋው!» ብሎ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ሼፉ ተነሣ፣ ትከሻዋን በእርጥብ እጁ ነካ አድርጎ ሄደ። ሥጋ አይጠብቅም።

እሷም ተመልሳ ተቀመጠች። ሹካዋን አነሣችና ሳህኗን እስከ መጨረሻው በላች። ሌላ ሰው ያበሰለውን የራሷን ፎሶሊያ ስትበላ የመጀመሪያዋ ነው። መልካም ነበር፤ ጭሱ ገብቶበታል። ሁለተኛውንም ሳህን ወደ ራሷ ሳበች።

«እኔ ስለ ፎሶሊያዋ ብቻ ነበር የተናገርኩት» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ። ጆሮው ቀልቷል። «ሌላ ነገር አላሰብኩም።»

«ልክ ነዎት። ጠንካራ ነበረች።»

«አንዷ ብቻ ናት እኮ። ሌላው ሁሉ ቅቤ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

ባርኔጣውን ከወንበሩ አነሣና ጉልበቱ ላይ አኖረው፤ ቦታ የለቀቀ መስሎት ነው። ግን ጠረጴዛው ሰፊ ነው፣ በመካከላቸው የሸክላ ሳህንና ሁለት የወይን ጠርሙስ አለ። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ስለ ዝናብ ነው።

ማክሰኞ በጓሮ በር ስትደርስ ሼፉ ወረቀት ይዞ ጠበቃት። ሌሊቱን ሲጽፍ ማደሩን ነገራት። አዲስ ካርድ ነው። «ጅረቱ አጠገብ አንዲት ብርቱ ሴት አለች። ሕይወት ብቻዋን ብትተዋትም፣ በየጧቱ የረድፉን ሁለት ወገን…»

«ተው» አለችው።

«አልወደዱትም? ሰው እኮ ያለቅሳል፣ እትዬ።»

ያለቅሳላ! አልቅሶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ጣፋጩን ያዝዛል። የሄደውን ባል እንደሸጡት መቅረቱንም ሊሸጡት ነው። ሼፉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲያደርግ የሚያከብራት መስሎት ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

«ፎሶሊያ በል» አለች። «ሌላ አትጨምር። ፎሶሊያ።»

ሼፉ ወረቀቱን አጠፈው። ሳጥኖቹን ተቀበለ፤ ዛሬ አልቆጠረም፣ ወይም እሷ እያየች አልቆጠረም። ባዶውን ብልቃጥም ሰጠችው። በእጁ አገላበጠው።

«ከእንግዲህ በዚህ ምን ላድርግልዎት?» አላት። «ለእርስዎ ማለቴ ነው። ምን ይወዳሉ?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች።

«ጣፋጭ? የበለስ ማርማላታ አለኝ። ወይስ ጎምዛዛ ነገር?»

አፏን ዘጋች። ቢቸግራት ብልቃጡን መልሳ ከእጁ ወሰደችው። «አስቤ ልንገርህ» አለች።

እስከ ቤቷ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። በወይኑ መካከል እየሄደች አሰበችበት፣ ከልቧ። በለስ እሱ ነው የሚወደው። ማር እናቷ። የተጠበሰ ዱባ እወዳለሁ ልትል ነበር፤ ቆም ብላ ስታስበው ዱባውም የእሱ ነው። እሱ ስለሚወደው ዘወትር ስትሠራው የምትወደው መስሏት ኖሯል። ጨው የበዛበት ይሁን ያነሰበት፣ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ፣ በዚህ ዕድሜዋ ስለ ራሷ አታውቅም። ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ ራሷን አልጠየቀችም። በራፏ ላይ ስትደርስ መልሱ ገና አልመጣም።

ብልቃጡን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፣ ባዶውን።

ረቡዕ ማለዳ፣ ለሁለተኛው ዙር ዘር እንጨት መትከያዋ ነበር። እንጨቶቹን ተሸክማ እንደ ወትሮው ወደ ማሳው መሐል ሄደች፤ የእሱን መለኪያ ገመድ ፈታች። ዘረጋችው። ቆመች። ከዚያ ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ከተተችውና እንጨቶቹን መልሳ ተሸክማ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረች። ከግድግዳው ሥር፣ ከመላጣዋ መሬት አለፍ ብሎ፣ አንድ ረድፍ ቆፈረች። እንጨቱን አንድ በአንድ ተከለች፣ ጫፉን ወደ ራሷ ዘንበል እያደረገች። እስከ ረፋድ ጨረሰች። በሁለት ሰው የሚሠራ ሥራ አልነበረም።

ጨርሳ ወደ ኋላ ራቅ ብላ ተመለከተችው። ቀጥ ያለ ነው። ሐረጉ ሲወጣ ፍሬው ሁሉ በእሷ በኩል ይወርዳል፤ የሚያመልጣት አይኖርም። ከወዲያ በኩል ግድግዳው ብቻ ነው ያለው። ሄዳ በመዳፏ ነካችው። ፀሐይ አልደረሰበትም፣ ገና ቀዝቃዛ ነው።